ኮድሽን ማን ያነብልሻል?

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ደብረ ታቦርን አልፎ እስከ ወልዲያ ይዘልቃል። ኅዳር ገብቶ በፎገራ ሜዳ ሩዝ መታጨድ ሲጀምር ከተማዋ ሌላ መልክ ትይዛለች። የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ያጓራሉ። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ አይሱዙው ኩንታል ያራግፋል። ያልተፈለፈለው በአንድ በኩል ገብቶ ነጩ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ገለፈቱ ከጓሮ ይቆለላል። ሩዙ በደንብ የደረቀ፣ ማሽኑም ደኅና ከሆነ ከአንድ ኩንታል ከ60 እስከ 70 ኪሎ ይገኛል፤ ካልሆነ ስብርባሪው ይበዛል። በመፈልፈያው ቤት በር አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ደብተር። የባለሩዙ ስም፣ የገባው ኩንታል፣ የወጣው ኪሎ፣ የተከፈለው፣ በዱቤ የቀረው ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል።

ይህን ደብተር ወደ ስልክ መተግበሪያ ልቀይረው ብላ የተነሳች አንዲት የወረታ ወጣት እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ የተወሰነች አንዲት ሰው አይደለችምና። የሚገጥማት ነገር ግን ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ኮድ መጻፍ የጀመረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ አላት። ስልኳ ርካሽ አንድሮይድ ነው። ጊዜም ፍላጎትም አላት።

ትምህርት አላጣችም። ይህን አበክሬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስለ ጀማሪዎች ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የትምህርት እጦት ነውና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርቶች በነጻ ተከፍተዋል። ጉግል ራሱ የሚሰጠው የአንድሮይድ ትምህርትም ነጻ ነው። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ። ልጅቷ ቪዲዮውን አይታ፣ ጥያቄውን መልሳ፣ ሰርተፍኬቷን ልታወርድ ትችላለች። ከዚያ ኮትሊን በተባለው ቋንቋ የመጀመሪያ መተግበሪያዋን ትጽፋለች። ስም ማስገቢያ አለው፤ ኩንታል ማስገቢያ አለው፤ «መዝግብ» የሚል ቁልፍ አለው። ሲነኩት ይሠራል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የሠራ መተግበሪያ የመፈልፈያው ባለቤት፣ ባለወፍጮው፣ ዕዳውንና ገንዘቡን አምኖ እስኪጥልበት ድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ይህን ቀሪ መንገድ ደግሞ ቪዲዮ አያሳይም። ቪዲዮው የሚያውቀው የራሱን ምሳሌ ነው። እሷ የጻፈችውን አላየውም። የኮርሱ ፈተናም የሚያርመው ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐን ነው። አስተማሪ ሞልቷታል፤ የጎደላት አንባቢ ነው። ኮዷን መስመር በመስመር አይቶ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» የሚላት፣ በዚያው ስህተት ከእሷ በፊት የተቃጠለ ሰው ያስፈልጋታል።

እንዲህ ያለ ሰው አገኘች እንበል። የአጎቷ ጓደኛ ነው፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ለድርጅቶች ሶፍትዌር ሲሠራ ዓመታት አልፈውታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑንና ስልኩን ከፊቱ ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ይሠራል። ጥሩ ይሁን አይሁን ግን አላወቅሁም።»

«እስቲ አንድ ሰው መዝግቢልኝ። ኃይሉ በይ።»

ትመዘግባለች። ስልኩን ይቀበላትና በመፈለጊያው ላይ ራሱ ይጽፋል፦ ሀይሉ። መተግበሪያው «አልተገኘም» ይላል።

«አሁን መዘገብኩት እኮ!»

«መዝግበሽዋል። እኔ ግን በሌላ ሀ ጻፍኩት።»

እሷ ትደነግጣለች፤ እሱ ግን ይህን ብዙ ጊዜ አይቶታል። ለጆሯችን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ጸሐይ፣ ፀሐይ እና ፀሀይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ይያዛል፤ በዚያ ቅጂ ላይ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ይመለሳሉ። ፈላጊው የጻፈውም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይነጻጸራል። ሥራው የጥቂት መስመሮች ኮድ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ተብሎ ውጭ አገር የተዘጋጀ ኮርስ ግን ይህን ሊነግራት አይችልም። የምታገኘው በአማርኛ መዝገብ ላይ ከሠራ ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡን ያያል። የመፈልፈያ ክፍያን ነጥብ ባለው የቁጥር ዓይነት አስቀምጣዋለች፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እሱ 0.1 እና 0.2 እንድትደምር ይጠይቃታል። ስክሪኑ ላይ 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዘው በሁለት መደብ ስለሆነ አንድ አሥረኛን በትክክል ሊጽፈው አይችልም፤ ተቀራራቢውን ይወስዳል። አንድ ጊዜ ሲሆን አይታይም። በወቅቱ የገባ የመቶዎች ኩንታል ሒሳብ ሲደመር ግን የባለሩዙ ዕዳና የደብተሩ ድምር በሳንቲም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያኔ ባለወፍጮው ስልኩን አስቀምጦ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። «ብሩን በሳንቲም ቁጥር ያዢው» ይላታል። «12 ብር ከ50 ማለት 1250 ነው። ሰው እንዲያየው ስትፈልጊ ብቻ ወደ ብር መልሺው።»

ቀኑም አለ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው፤ ባለወፍጮው የሚለው ጥር 5 ነው። ጀማሪዋ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሳ አስቀምጣለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ 7 ዓመት መሆኑን ረስታለች። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን በየአራት ዓመቱ 6 እንደምትሆንም አላሰበችበትም። ልምድ ያለው ሰው የሚሰጣት ምክር አጭር ነው፦ ቀኑን በአንድ ዓለም አቀፍ ልክ አስቀምጪው፣ ለሰው ስታሳዪ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሪው፣ ልወጣውን ደግሞ ከባዶ አትጻፊው፤ ሌሎች ጽፈው የፈተኑት አለ። የስልክ ቁጥሩ ማስገቢያ በ09 የሚጀምር ብቻ ይቀበላል። ይህን ከአንድ የቆየ ምሳሌ ላይ ወስዳዋለች። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ደንበኛውን ከበር ይመልሳል።

ከሁሉ የሚያከራክራቸው ኔትወርኩ ነው። መተግበሪያዋ «መዝግብ» ሲባል በቀጥታ ወደ ሰርቨር ይልካል። ኔትወርክ ከሌለ ይሽከረከርና ይቆማል። እሱ የሚጠይቃት በሚያጓራ ማሽን አጠገብ፣ በተሰለፈ ሰው ፊት፣ መብራትም ኔትወርክም በሚመጣበትና በሚሄድበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። መዝገቡ መጀመሪያ ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ኔትወርክ ሲመለስ ይላካል። ከዚያ ጀማሪ የማያስበው ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ መዝገቡ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ሲመለስ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ስልኩ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል፤ አንዱ 8 ኩንታል 16 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ስልኩ ላይ ገና ሲፈጠር የማይደገም መለያ ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ያንን መለያ ሁለተኛ ሲያየው «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። የክፍያ ሥርዓቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። እኔ ይህን ነጥብ ለማስረዳት ረጅም ጊዜ የምወስደው፣ ሰው ካልነገረህ በቀር ገንዘብ እስኪጠፋ ድረስ የማይታይ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውዬው ኪቦርዱን አልነካውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልምድ ካለው ሰው የሚጠበቀው ትልቁ ትዕግሥት እጁን መሰብሰብ ነው። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ስቦ፣ ጣቶቹን አፍጥኖ፣ «ይኸው፣ ተስተካከለ» የሚል ሰው መተግበሪያውን አስተካክሎ ልጅቷን እዚያው ትቷታል። የሚያስተምረው «እስቲ ይህ መስመር ምን እንደሚያደርግ ንገሪኝ» ብሎ እስክትናገር የሚጠብቀው ነው።

በሶፍትዌር ሙያ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበቡ አዲስ ነገር አይደለም። አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይክል ፌገን ኮድ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በባልደረቦች ተነብቦ እንዲመረመር የሚያደርግ ሥርዓት ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትሞታል። ዛሬ «ኮድ ሪቪው» የሚባለው የእሱ ቀላል ዝርያ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ 20 ዓመት የሠራ መሐንዲስ የጻፈው ኮድ እንኳ ሌላ ሰው ሳያነበው አይገባም። ጀማሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ ብዙ ሸክም ይቀልላቸዋል። መነበብ የደካማ ቅጣት እንዳልሆነ፣ የሙያው የዘወትር ሥራ እንደሆነ ያያሉና።

ለደቡብ ጎንደር ሰው ደግሞ ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም። ይህ የድጓው ቤተልሔም እና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉበት አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ያድርና የኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ የኔታ በጓደኞቹ መካከል ያርሙታል። የሚጀምረው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው። ወደ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ፣ ሲታረም ሲታረም ነው። ቀደም ያለው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አይሸከሙም። የሰው ቅኔ ሰምቶ ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም፤ የራሱን አሰምቶ መታረም አለበት። የቪዲዮ ትምህርት የሚያሰማን የሌላውን ብቻ ነው።

ይህ የቀዳሚና የተከታይ ሰንሰለት ዛሬ በኮዱ ዓለም በግልጽ የሚታይበት አንዱ ቦታ አዲስ አበባ የተጀመረው ኤቱኤስቪ ነው። ኤምሬ ቫሮል የመሠረተው ይህ ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ ያሠለጥናል፤ ቀድመው ያለፉት ከኋላ የመጡትን ያስተምራሉ፣ የመለሱትን አብረው ይገመግማሉ። ከተመራቂዎቹ መካከል ጉግልና ብሉምበርግ የገቡ አሉ። ቤተልሔም ደሴ ደግሞ በሌላ መንገድ መጥታለች። ሐረር ውስጥ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ በ9 ዓመቷ፣ የደንበኞችን ስልክ እያስተካከለችና ቪዲዮ እያቀናበረች ጀመረች፤ በኋላ አይኮግ ላብስ የተባለ ኩባንያ ገብታ በየክልሉ ላሉ ወጣቶች የቴክኖሎጂ ሥልጠና ትመራ ነበር። ሁለቱም ታሪኮች ውስጥ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ጀማሪው የሚሠራ ሰው በሚሠራበት ቦታ ተገኝቷል።

ወረታ ላይ ችግሩ እዚህ ይጠብቃል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ለትብብር ሥልጠና የሚላክበት የሶፍትዌር ድርጅት በአቅራቢያው ከሌለ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ደብዳቤ ሲተይብና ፕሪንተር ሲያስተካክል ወሩ ያልቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በሁለት አቅጣጫ ከሰዓት ተኩል የማይበልጥ ጉዞ ላይ ናቸው፤ በውስጣቸው ኮድ የሚጽፉ መምህራንና ተማሪዎች አሉ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለወረታ ጀማሪ በቂ ቀዳሚ ነው። ሁልጊዜ የ15 ዓመት ልምድ ያለው ሰው መፈለግ ስህተት ይመስለኛል። ባለፈው ዓመት በዚያው ኤረር (የስህተት መልእክት) የተቸገረ ልጅ ችግሩ ገና ትዝ ይለዋል፤ ረጅም ዘመን የሠራው ግን ከመልመዱ የተነሳ ምኑ እንደሚከብድ ረስቶት ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ለዕለት እንቅፋት፣ ሁለተኛው «ይህ መተግበሪያ ጭራሽ መጻፍ አለበት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ።

ያ ጥያቄ እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ። ግን በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ለገበሬዎች አገልግሎት ሲጀምር የመረጠው 8028 የተባለውን የድምፅ መስመር ነበር። ገበሬው በተራ ስልኩ ይደውላል፤ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ በቋንቋው ተቀርጾ የተቀመጠውን ያዳምጣል። ማንበብ አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከመተግበሪያው ጎን *127# ነበረው። ከገበሬ ጋር የሠራ ሰው ለወረታዋ ልጅ መጀመሪያ የሚነግራት ይህንኑ ነው፦ መተግበሪያውን የሚነካው ባለወፍጮው ነው፤ ባለሩዙ ግን ዕዳው ስንት እንደሆነ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢደርሰው ይበቃዋል። በዚህ አንድ ምክር ልትጽፈው ካሰበችው ግማሹ ይቀራል።

ጥያቄ መጠየቅ ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። በቴሌግራም የፕሮግራመሮች ግሩፕ ውስጥ «አፑ እምቢ አለኝ፣ እርዱኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ከስሩ በስልክ ካሜራ የተነሳ የደበዘዘ የስክሪን ፎቶ። ሊረዳ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ከዚህ ጋር የሚከተለውን እናስተያየው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ኮትሊን እየተማርኩ ነው። የተመዘገቡ ኩንታሎችን ዝርዝር ሳሳይ፣ ምንም ያልተመዘገበ ከሆነ አፑ ይዘጋል። ሦስት መዝገብ ሲኖር ግን ይሠራል። የኤረሩን ሙሉ ጽሑፍና 20 መስመር ኮድ ከታች አስቀምጫለሁ። ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን ቀድሜ ማየት ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ የት ቦታ ላይ እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

ይህን የጻፈች ልጅ መልስ ታገኛለች። ብዙ ጊዜም መልእክቱን ጽፋ ሳትጨርስ መልሱን ራሷ ታገኘዋለች፤ ምን እንደጠበቀችና ምን እንደገጠማት ለይታ ለመጻፍ ኮዱን በአዲስ ዓይን ማየት ነበረባት። የኤረሩ ጽሑፍ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ጀማሪ ቀይ ጽሑፍ ሲያይ መዝጋት ይቀናዋል፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ስድብ ይመስላል። ልምድ ያለው ሰው ከጎን ሲቀመጥ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ያንን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ማስነበብ ነው። በውስጡ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር አለ። ጽሑፉ 40 መስመር ቢሆን 38ቱ የሌሎች ሰዎች ኮድ ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ፋይል የተጠቀሰበት የመጀመሪያው መስመር ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ያየች ልጅ ከዚያ በኋላ ቀዩን ጽሑፍ አትፈራውም።

ይሉኝታም መነሳት አለበት። ታላቅን ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል፤ አለማወቃችን ከሚገለጥ ሁለት ሳምንት ብቻችንን ብንታገል እንመርጣለን። ለጀማሪዎች የምለው ቁርጥ ያለ ልክ ማበጀት እንደሚሻል ነው፦ አንድ ሰዓት በራስ ታግሎ፣ የሞከሩትን ጽፎ፣ ከዚያ መጠየቅ። ይሉኝታ በላይኛውም በኩል አለ። ታላቅ የተባለው ሰው «ይህን አላውቀውም፤ አብረን እንየው» ማለት ይከብደዋል። የሚለው ሲገኝ ግን ጀማሪዋ ከዚያ የምትማረው ከማንኛውም መልስ ይበልጣል፤ የሚያውቅ ሰው የማያውቀውን ነገር ከየት ጀምሮ እንደሚፈልግ ታያለችና። ሴት ጀማሪዎች ደግሞ በግሩፕ ጥያቄ ጠይቀው ከኮድ ጋር የማይገናኝ መልእክት በውስጥ መስመር ይደርሳቸዋል። ግሩፑን የሚመሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የማስወገድ ኃላፊነት አለባቸው። ዝም ካሉ ጠያቂዋ ዝም ትላለች፤ ከትምህርቱም ትቀራለች።

«አሁን ሁሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመልሰው የለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይመልሳል፣ በደንብም ይረዳል፤ በተለይ ኤረር ለማብራራት። ጀማሪዎች ይጠቀሙበት። ነገር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። የወፍጮ ደብተር መተግበሪያ ጻፍልኝ ብትለው ይጽፍላታል፤ ያ ቤት ጥርና የካቲት ላይ ምን እንደሚመስል ግን አልነገረችውም፣ መንገር እንዳለባትም አታውቅም። እሷ ያልጠየቀችውን ጥያቄ የሚያመጣላት ሰው ነው።

የፎገራ ሜዳ ራሱ ስለዚህ ነገር የሚያስተምረን አለ። ዛሬ አካባቢው በሩዝ ይታወቃል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞበታል። ሩዙ ግን ከጥንት የነበረ ሰብል አይደለም። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ አብረው ሠርተው ካስለመዱት በኋላ ነው የተስፋፋው። ባለሙያዎቹ ሩዝ ያውቁ ነበር። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሞልተው የሚያለብሱትን ሜዳ፣ ጥቁሩን መረሬ፣ ውኃው የሚተኛበትንና የሚሸሽበትን ቦታ የሚያውቁት ግን ገበሬዎቹ ነበሩ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ እውቀቱ አልፈረሰም፤ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አለፈ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የቀበሌዋን ስም ይዟል። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ እስከ መሆን የደረሰው ተማሪዎቹ የራሳቸውን እውቀት ስለጨመሩበት ነው።

ስለዚህ ጀማሪዋ ባዶ እጇን አይደለም የምትቀርበው። የባሕር ዳሩ ሰው ሞክሼ ፊደልን፣ ሳንቲምን፣ የጠፋ መልስን ያውቃል። አንድ ገበሬ ለሦስት ዘመዶቹ ሩዝ አስፈልፍሎ በአንድ ስም ሊያስመዘግብ እንደሚችል፣ ሒሳቡ ገበያ ቀን ድረስ እንደሚቆይ፣ ስብርባሪው ለብቻ እንደሚመዘን የምታውቀው እሷ ናት። ጥሩ ቀዳሚ ይህን ከአፏ እስኪሰማ ዳታቤዙን አያስነድፋትም።

ርቀት ሰበብ እንዳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ከቤታቸው ሆነው የሚማሩ ጀማሪዎች ከቪዲዮውም ከግሩፑም ተቆርጠው ቀሩ። ያኔ የጠቀመው በእጅ ያለው ነበር፦ በሐርድ ዲስክ የሚዞር አንድሮይድ ስቱዲዮ፣ አስቀድሞ የወረደ ሰነድ፣ በዚያው ከተማ ያለ የሚያውቅ ሰው። ይህን ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት ማዘጋጀት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመጣ ገንቢ ይዞት ሊመጣ የሚችለው ከሁሉ ጠቃሚ ስጦታ የተሟላ መሣሪያ የተጫነበት ዲስክና ሁለት ቀን ጊዜ ነው።

ኢንተርኔቱ ሲኖር ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው፣ የኮድን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት አለ። ወረታ የተጻፈ ኮድ ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ የትም ያለ ሰው እያንዳንዱ መስመር ስር አስተያየት ሊጽፍበት ይችላል። የሚላከው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ከአንድ ቪዲዮ ጋር አይወዳደርም። እዚህ ላይ ቀዳሚው የሚሰጠው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የክፍያ ሥርዓት ሚስጥራዊ ቁልፍ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ እንዳይወጣ፤ ጊት የጠፋውንም ያስታውሳልና መደምሰሱ አያድንም።

ኢትዮጵያውያን በርቀት አብሮ በመሥራት ከጊት በፊት ትልቅ ነገር ሠርተዋል። ግዕዝ ኮምፒዩተር ላይ ሲጀመር እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይይዝ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እስካሁን በየመሥሪያ ቤቱ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች አሉ። ጀማሪ ሲከፍታቸው ተበላሽተዋል ብሎ ይተዋቸዋል፤ የቆየ ሰው በአንድ ዓይን አይቶ የትኛው እንደሆነ ይነግረዋል። ካሊፎርኒያ የነበረው ፍሥሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ በኩል ከቀደሙት አንዱ ነው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛ በኢሜይል በላቲን ፊደል ሳይዛባ እንዲሄድ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ነደፉ። እነዚህና ሌሎች ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ እያነበቡ፣ በኢሜይል እየተከራከሩ ካደረጉት ጥረት በኋላ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ዛሬ ወረታ ላይ አንዲት ልጅ ምንም ሳትጭን ስልኳ ላይ «ኩንታል» ብላ የምትጽፈው በዚያ ምክንያት ነው።

ዋሽንግተን፣ ናይሮቢ ወይም ቦሌ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ የፎገራ፣ የደራ፣ የሊቦ ከምከም ተወላጅ አለ። ለአንድ ጀማሪ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ቃል መግባት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። አንድ ሰው ብቻ ይምረጥ፤ አሥር መርጦ አሥሩንም ከሚያጣ። ከኮዱ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ይንቀስ፤ ሃያ ነገር የተነቀሰበት ጀማሪ የትኛው እንደሚቀድም አያውቅም። ጥሩ የሠራችውንም ለይቶ ይጻፍላት፤ ጥሩ መሆኑን ካልነገራት በሚቀጥለው ሳምንት ልታጠፋው ትችላለች። ያስተካከለችውን ዳግመኛ ሳያይ አዲስ ሥራ አይስጣት። እሷም መጀመሪያ የምትልክለት ሙሉውን መተግበሪያ አይሁን፤ የፍለጋውን ፋይል ብቻ ትላክ፣ ከላዩም ምን ላይ እንደተቸገረች በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ።